ሳኔቲን በግቢያችን ስንለማመድ

የባሌ ሮቤ ልጅ ስለ ብርድ ሲወራ ደረቱን ይነፋል። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከእኛ 14 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ጎባ ደግሞ ከእኛም ከፍ ትላለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል፤ ለፊት መታጠቢያ የተቀዳ ውሃ እጅ ይቆርጣል። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ ከመኪና ሲወርድ እርስ በርሳችን እንጠቃቀሳለን። እኔም ከጠቃሾቹ አንዱ ነበርኩ።

ስለዚህ አዲስ አበባ የሚኖሩ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ደውለው «ጥር ላይ የሳኔቲን ሜዳ ሌሊቱን በእግር ሄደን፣ ፀሐይ ስትወጣ ቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ላይ ብንገኝስ?» ሲሉኝ ሳላቅማማ እሺ አልኩ። ምን እንያዝ ብለው ሲጠይቁኝም የአዋቂ መልስ ሰጠሁ። «ጥሩ ጫማና ጋቢ ካላችሁ ሌላው ጌጥ ነው» አልኳቸው። ይህን ስል ሳኔቲ ላይ አንድም ሌሊት አድሬ አላውቅም።

ብዙዎቻችን የሮቤና የጎባ ሰዎች ሳኔቲን የምናውቀው በመኪና መስኮት ነው። ከጎባ ተነስቶ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ ሜዳውን ሰንጥቆት ያልፋል። 4,000 ሜትር ላይ የቀትር ፀሐይ ቆዳ ይልጣል፤ ቀይ ቀበሮ ከታየ ሾፌሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ተሳፋሪው አንገቱን ያሰግጋል፤ ከዚያ በሪራ በኩል ወደ ሐረና ደን ቁልቁል ነው። በቀትር ተኝተን ያቋረጥነውን አገር በሌሊትም የምናውቀው ይመስለናል።

ዝግጅቴን ከእግሬ ጀመርኩ። ማለዳ ማለዳ ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ዳር እሮጣለሁ። ቅዳሜና እሑድ የጀርባ ቦርሳዬን በመጽሐፍ ሞልቼ ከጎባ በላይ ያለውን ዳገት እወጣለሁ። ጭኔ ጠነከረ፤ ትንፋሼም ረዘመ። ከሩጫ ስመለስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ እንደተጣበቀ ፎቶ እያነሳሁ በቴሌግራም ለጓደኞቼ እልካለሁ። እነሱም የራሳቸውን ይልካሉ። ማን ይበልጥ እንዳላበው መፎካከር ያዝን። ከሁሉም ፎቶ የምኮራው ጀርባዬ በላብ በራሰበት ነበር።

ፈቃድ ለመጠየቅና አስጎብኚ ለመያዝ ወደ ዲንሾ ሄድኩ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ይህ ፓርክ ሰው ዝም ብሎ በሌሊት የሚገባበት ግቢ አይደለም፤ አስጎብኚ ያስፈልጋል፣ ጥበቃ ያስፈልጋል፣ ጓዝ ካለ ደግሞ ፈረስ ያስፈልጋል። ፈረሶቹን የሚነዱልን ሰው ጢማቸው የሸበተ፣ ቃል የሚቆጥቡ የአገሬው ሰው ናቸው። «ኦቦ» እያልኩ ዕቅዳችንን ዘረዘርኩላቸው። ጫማዬን አዩ፤ ጃኬቴን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«ስትሄዱ የምትለብሱት ይኼ ነው። ስትቆሙስ?»

«አንቆምም ኦቦ፤ ሌሊቱን ሙሉ እንሄዳለን።»

ሳቁ። «ኢልማ ኮ፣ ፈረስም ይቆማል።»

ከዚያ በየተራ ጠየቁኝ። ከእናንተ አንዱ እግሩ ቢወለምስ? ጉም ወርዶ መንገዱ ቢጠፋስ? አንዱ ራሱን አሞት ቢያስመልሰውስ? መልስ አልነበረኝም። የነገሩኝ ነገር ግን አጭር ነበር፤ ብርድ የሚገድለው የሚሄደውን ሰው ሳይሆን የተቀመጠውን ነው፣ ስለዚህ ከመምጣትህ በፊት መቀመጥ ተለማመድ። ሮጠህ ግባ፣ ልብስህን ሳትቀይር ግቢህ ውስጥ ተቀመጥ፣ እሳት አታንድድ፣ እስኪነጋ ጠብቅ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። የሆነ ሆኖ ታናሽ ወንድሜን አግባብቼ በአንድ የታኅሣሥ ምሽት ሞከርነው። አመሻሹ ላይ እየሮጥን ሄደን እየሮጥን ተመለስንና ጓሮ ካለው የውሃ በርሜል አጠገብ ሁለት በርጩማ አስቀመጥን። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከወንድሜ ራስ ላይ እንፋሎት ሲነሳ በበረንዳው አምፖል ብርሃን ይታየኛል፤ እኔም ሞቆኝ ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ እቀልዳለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ እንደዚያ ነበርን። አራት ሰዓት ሳይሞላ የሸሚዜ ጀርባ ቀዘቀዘ፤ ከዚያ ጋቢው ከውስጥ በኩል ረጠበ። አጥብቄ በተከናነብኩት ቁጥር እርጥበቱን ወደ ገላዬ የማስጠጋው ይመስለኝ ጀመር። አምስት ሰዓት ላይ ከፔርሙዝ ሻይ ልቀዳ ብዬ ክዳኑን መፍታት አቃተኝ። ጣቶቼ ቆፍነዋል። ወንድሜ ተቀብሎኝ በጥርሱ ሊፈታው ሲታገል ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፣ መንጋጋችን አልታዘዝ አለን።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ገደማ ቤት ገባሁ። እናቴ ነቅታ ኖሮ ከመኝታዋ ሆና «ሳኔቲ ደረስክ ልጄ?» አለችኝ።

እንግዲህ ያ ሮቤ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ሳኔቲ ከግቢያችን ቢያንስ በ9 ዲግሪ ይብሳል ማለት ነው። ነፋሱ ገና አልተቆጠረም። በዚያ ሜዳ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የወረደ ሌሊት ተመዝግቧል፤ በዚያው ወቅት ቀኑ ከ20 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። የክረምት ዳመና ለምድሪቱ ቡሉኮ ነው፤ የቀኑን ሙቀት ይዞላት ያድራል። በጋ ላይ ቡሉኮው ይነሳል፤ መሬቱ ቀን የተቀበለውን ሁሉ ሌሊት ወደ ጠራው ሰማይ ይለቀዋል። ውርጩ የሚጠናው ዝናቡ ከሄደ በኋላ መሆኑም ከዚህ የተነሳ ነው።

ያ የምኮራበት ላብም ዋናው ጠላቴ ሆኖ ተገኘ። ውሃ ሙቀትን ከሰውነት የሚነጥቀው ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ነው። ጥጥ ደግሞ ላብን ጠጥቶ ይይዛል፤ ቶሎ አይደርቅም። ደረቅ ጋቢ አልጋ ላይ የሚወዳደረው የለም፤ በላብ የራሰ ጋቢ ግን በሳኔቲ ነፋስ ውስጥ ከራቁትነት ብዙም አይሻልም። የሰውነት ሙቀት ከ37 ተነስቶ ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ መጀመሪያ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ መደናቀፍ፣ ከዚያ መንተባተብ ይመጣል። መነጫነጭም አብሮ አለ። የከፋው መንቀጥቀጡ ሲያቆም ነው፤ ሰውየው ሞቀኝ ብሎ ልብሱን ሊያወልቅ ሁሉ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ደህና ነኝ እያለ ይምላል።

ይህ የሚደርሰው ባልተዘጋጀ ሰው ላይ ብቻ ነው የሚለውን ማጽናኛዬን ያፈረሰብኝ ከቻይና የመጣ ታሪክ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. በጋንሱ ግዛት በተካሄደ የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ላይ ድንገት በረዶ፣ ዝናብና ኃይለኛ ነፋስ ወርዶ 21 ሯጮች በብርድ ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል በአገሪቱ ስማቸው የታወቀ የረጅም ርቀት ሯጮች ነበሩ። እግር አላነሳቸውም፤ ሳንባም አላነሳቸውም። ቁምጣና ስስ ልብስ ለብሰው፣ በላብና በዝናብ ርሰው፣ መሄድ ሲያቅታቸው ያን ነፋስ የሚመክት ነገር አልነበራቸውም። ስድስት ሯጮችን ያዳናቸው በአካባቢው የሚኖር እረኛ ነበር፤ ከዝናቡ ወደተጠለለበት ዋሻ አስገብቶ እሳት አንድዶ አሞቃቸው። ይህን ሳነብ ዲንሾ ላይ የሳቁብኝ ባለፈረስ ትዝ አሉኝ።

ደገኛነቴስ? እሱም ቢሆን እንዳሰብኩት አልሆነም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጓደኞቼ ላይ የምንቀባረረው በ100 ሜትር ልዩነት ነበር ማለት ነው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ እዚያ አንድ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ያህሉ ነው፤ ለሮቤ ልጅ ተብሎ የሚጨመር የለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የዘረመል ጥናት በባሌ 4,000 ሜትር አካባቢ የሚኖሩ ኦሮሞዎችንና በሰሜን ደጋ የሚኖሩ አማሮችን ደም መርምሮ ነበር። ሁለቱም ደገኛ ናቸው፤ ሆኖም የባሌዎቹ ሄሞግሎቢን ከቆላ ዘመዶቻቸው ጋር ሲነጻጸር ጎላ ብሎ ጨምሮ ሲገኝ የሰሜኖቹ ጭማሪ ትንሽ ነበር። ሰውነት ለከፍታ የሚሰጠው መልስ ደገኞች መካከል እንኳ ይለያያል። ከሁለቱ ወገን የትኛውም 2,500 ሜትር ላይ ያደገና ቢሮ የሚውል ሰው አይደለም።

ለጓደኞቼ ደወልኩና የጋቢውን ምክር ሻርኩ። ስቀውብኛል፤ መብታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ዝግጅቱ መልኩን ቀየረ። ሩጫውን አልተውኩትም፣ ግን ጊዜዬን የበላው ገበያ ነበር። ከሰልባጅ ክምር ውስጥ የሱፍ ሹራብ መፈለግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሻጩ ሁሉንም «ኦርጅናል ሱፍ» ይለዋል፤ እኔ ግን ጫፉን በምራቄ አርሼ፣ በጣቴ ጨምቄ፣ ከረጠበ በኋላም ይሞቅ እንደሆነ አያለሁ። ከሥር ላብ የማይዝ ስስ ሹራብ፣ ከላዩ ሱፍ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ሆነ። አንድ ሙሉ ቅያሪ ደግሞ በፌስታል ታስሮ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ያ ለመቀመጫ ብቻ ነው፣ እየሄዱ አይለበስም። የካልሲውን ነገር ባለፈረሱ በጥብቅ ነግረውኛል፤ ሁለት ደራርበህ ጫማህ ከጠበበህ ደም አይዘዋወርም፣ በአንድ ካልሲ ብትሄድ ይሻልሃል።

ስንቁን እናቴ ያዘች። የባሌ ሰው ለረጅም መንገድ ጩኮ ያለው በከንቱ አይደለም፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ፣ በትንሽ መያዣ ብዙ ጉልበት ነው፣ ሳይሞቅ ይበላል። በፋብሪካ የተሠራው የቸኮሌት ስንቅ በሳኔቲ ሌሊት ጥርስ እስኪሰብር ይደርቃል፤ ጩኮም ይጠጥራል፣ ነገር ግን ጃኬት ውስጥ ብብት ሥር ከዋለ ይለሰልሳል። ከጓደኞቼ አንዱ ለሙቀት ብሎ አረቄ ሊያመጣ ነበር። አረቄ ያሞቃል የሚባለው ስሜቱ ነው፤ የቆዳን የደም ሥሮች ከፍቶ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣዋል። አዲስ አበባ ተውልን አልነው። ሻይ በስኳር በዛ ተደርጎ በፔርሙዝ ተያዘ፤ ክዳኑ በቆፈነ እጅ የሚከፈት መሆኑ ተሞክሮ።

ከሁሉ ያከራከረን የመመለሻ ሰዓቱ ነው። ጓደኞቼ ከጉዞው ሁለት ቀን ቀድመው መጥተው ሮቤና ዲንሾ አደሩ፤ ባለፈረሱና አስጎብኚያችን ባሉበት ቡና እየጠጣን ተነጋገርን። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ከቱሉ ዲምቱ ሥር ካልደረስን ተመላሽ ነን፤ መኪናው ከኋላችን ሜዳው ጫፍ ላይ ይጠብቃል። ፍርዱም የእኛ አይደለም፤ የሁለቱ ነው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ግቢዬ ውስጥ ክዳን መፍታት አቅቶኝ «ገና ነኝ፣ አልበረደኝም» ስል ራሴን ሰምቻለሁና።

ጥር ላይ ወጣን። ከጎባ በላይ የአስታ ቁጥቋጦ ከሚጀምርበት አካባቢ፣ መሸት ሲል፣ ብርድ ብርድ እያለን ተነሳን። ትእዛዙ እንደዚያ ነው፤ ሲነሱ የሞቀው ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያልበዋል። እያወሩ መሄድ እስኪቻል ድረስ ዝግ ብለን ተጓዝን። ስንቆም መጀመሪያ ጃኬት፣ ከዚያ መቀመጥ፤ ውሃው በጃኬት ውስጥ፣ ስልኩም በደረት ኪስ። አንዱ ጓደኛችን ሰማዩን ፎቶ ላንሳ ብሎ ስልኩን ውጭ ይዞት ቆየና ግማሽ የነበረው ባትሪ ድርግም አለበት።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ጅባራዎቹ ቅጠላቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ቡቃያቸውን ሸፍነዋል፤ ሌሊት ሌሊት እንዲህ ያድራሉ። አስጎብኚያችን በየመንገዱ ያወራል። ቀይ ቀበሮዎቹ ጉድጓድ የሚገቡት ለግልገሎቻቸው ሲሉ ብቻ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ሜዳ ላይ ተጠጋግተው፣ አፍንጫቸውን በጅራታቸው ሸፍነው ያድራሉ። በዓለም ላይ ከቀሩት 500 የማይሞሉ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ ያሉት እዚህ ነው። ከዌብ ሸለቆ በኩል ስላለችው ፊንጫ ሀበራ የተባለች ዋሻም አነሳልን። በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ግኝት መሠረት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች 3,470 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በዚያች ዋሻ እየተመላለሱ ኖረዋል፤ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር፤ የመሣሪያ ድንጋያቸውን የሚያመጡት ከ4,000 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ነው። ያኔ ተራሮቹ ላይ ግግር በረዶ ነበረ። በሰልባጅ ሹራቤ አፈርኩ።

ስምንት ሰዓት አልፎ ነፋሱ ተነሳ። አልወደቅንም፣ አልተንተባተብንም፣ ማንም አልታመመም፤ ዘገየን ብቻ። አሥር ሰዓት ላይ ቱሉ ዲምቱ ከዋክብቱን ጋርዶ ፊታችን ይታያል፤ ሥሩ ግን ገና ነው። ባለፈረሱ ምንም ሳይናገሩ የፈረሱን ልጓም አዞሩ።

ተከራከርን። ሁላችንም ደህና ነን፣ ተራራው ይኸውና፣ አንድ ሰዓት ቢበዛ ነው አልን። ከሁሉም በላይ ድምፄን ከፍ ያደረግኩት እኔ ነበርኩ።

«ሰዓቱን የቆረጣችሁት እናንተ ናችሁ» አሉ፤ «ያኔ አልበረዳችሁም።»

ከነፋሱ ጀርባ ሰጥተን ስንመለስ ከአፌ ያልወጣ አንድ ነገር ነበር፤ ለጓደኞቼም እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ጮክ ብዬ «እንቀጥል» ስል በሆዴ እንዲመልሱን እለምን ነበር። የእግሬ ጣቶች ከተሰሙኝ ቆይተዋል። ፍርዱ በእጄ ቢሆን ኖሮ ግን የአገሩ ልጅ ተብዬ፣ የሮቤን ስም ተሸክሜ፣ እነዚያን ሰዎች ይዣቸው እወጣ ነበር። መኪናው ውስጥ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ስጠቀልል አንዱ ጓደኛዬ አኩርፎኝ በመስኮቱ ይመለከታል። በትክክለኛው ጊዜ መመለሳችንን ዛሬም አያምንም።

ቱሉ ዲምቱን በእግሬ እስካሁን አልወጣሁትም። በመኪና ወጥቻለሁ፤ ጫፉ ድረስ መንገድ አለው፣ የቴሌ አንቴናም ቆሞበታል።

ጥር ላይ ለመውጣት የምታስቡ ካላችሁ ዲንሾ ሄዳችሁ ተመዝገቡ፤ አስጎብኚና ባለፈረስ ያዙ፤ የመመለሻ ሰዓታችሁን ሳይበርዳችሁ ቁረጡና ፍርዱን ለእነሱ ስጡ። አስታ ቆርጦ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ እሱን ተማምናችሁ አትውጡ። ለሾፌሩም ብርድ ልብስና ሻይ ተዉለት፤ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ የሚያድረው እሱ ነው።